የሚስቴ ወንድም ወገብ

በምሠራበት ስፌት ቤት መሐል ላይ አንድ የእንጨት ሳጥን አለ። ድሮ ሳሙና ተጭኖበት የመጣ ተራ ሳጥን ነው፤ ከፍታው ጉልበት አይደርስም። እኔ ግን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ንጉሥ ሆኜበት ኖሬአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኛ ሥራ የደንብ ልብስ መስፋት ነው፤ የሾፌር፣ የዘበኛ፣ የአስተናጋጅ። ሌላ ቦታ የመካከለኛውን ሰው ልክ የሚያወጡት ጭንቅላት በሌለው አሻንጉሊት ላይ ነው አሉ። የቤቱ ባለቤት እትዬ ግን «አሻንጉሊት አይቀመጥም፣ አይጎነበስም፣ አውቶቡስም አይሳፈርም» ብለው በራችንን አላስረገጡትም። ስለዚህ ሰው ሳጥኑ ላይ ይቆማል። ቆራጫችን አባ መቀስ ስፒል በከንፈራቸው ነክሰው ይዞሩታል። ሱሪው ሰውየው ላይ ሲያምር ያ ልክ ወረቀት ላይ ይወርድና ሁለት መቶ፣ ሦስት መቶ ሱሪ በዚያ ይቆረጣል። ያ ሰው እኔ ነበርኩ። ስሜ ተረስቶ «ናሙናው» ነው የምባለው። ሌላው ሥራዬ ቁልፍ መትከልና ደንበኛ የመለሰውን ልብስ ማስተካከል ነው፤ እሱን ማንም አያወራልኝም።

በኔ ወገብ ልክ የተሰፋ ሱሪ የለበሰው ሕዝብ ቢሰለፍ ጭራው ባሕር ማዶ ይደርሳል። አንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ሰባት የማላውቃቸው ሰዎች በኔ ወገብ ተቀምጠው አይቻለሁ። ስምንተኛው ወንበር አጥቶ ቆሞ ነበር፤ በኔ ወገብ ነው የቆመው። እንዲህ ዓይነት ክብር ያለው ሰው ስንት ነው?

ክብሬን የበላው ቦርጭ ነው። ከየት እንደመጣ እንጃ፤ አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ከኔ ቀድሞ ተነሥቶ አገኘሁት። ደንበኞች ሱሪ መመለስ ጀመሩ። አንዱ የሆቴል ኃላፊ ጭራሽ «ይሄ የተለካው እርጉዝ ወንድ ላይ ነው እንዴ?» ብሎ ጻፈ። እትዬ ወረቀቱን ይዘው መጡና ወደ ሳጥኑ ጠቆሙኝ።

«ውጣበት እስቲ።»

ወጣሁ። ሳጥኑ አቃሰተ። አባ መቀስ ሜትራቸውን ጠመጠሙብኝ።

«ዘጠና ስድስት» አሉ።

«ድሮ ስንት ነበር?»

«ሰማንያ አራት።»

«ሆድህን ልቀቀው እስቲ» አሉኝ እትዬ።

«ለቅቄዋለሁ እኮ እትዬ።»

«ልቀቀው አልኩህ!»

ለቀቅኩት። «መቶ አንድ» አሉ አባ መቀስ፣ ሞት እንደሚያረዳ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ዘምዛሚዋ ከመኪናዋ ጀርባ ስትንከተከት ሰማኋት። የጠርዝ ስፌት የምትሠራው ሴት ናት፤ በሰው ውርደት ስትስቅ እንኳ ክሯ አይበጠስም።

«ስማ» አሉ እትዬ። «ከሦስት ወር በኋላ የሾፌሮች ትልቅ ትዕዛዝ አለ። ያን ቀን እዚህ ሳጥን ላይ የሚቆመው ሰማንያ አራት የሆነ ሰው ነው። አንተ ከሆንክ እሰየው። ካልሆንክ ሌላ ወገብ እፈልጋለሁ።»

ሌላ ወገብ! ሚስት እንኳ ባሏን ስትፈታ ከዚህ የተሻለ ቃል ትመርጣለች።

እዚህ ላይ የሚስቴን ታናሽ ወንድም ላስተዋውቃችሁ። እኛው ስፌት ቤት ካውያ ክፍል ይተኩሳል፤ ስሙም ካውያው ነው። ሥራውን ያስገባሁት እኔ ነኝ። የሚኖረው እኛ ግቢ ጓሮ ባለችው ክፍል ነው። ያኔ ጥጥ ያለ ልክ የጠቀጠቁበት ትራስ ይመስል ነበር፤ ከየትም ብትነካው ይሰረጉዳል። ቀኑን ሙሉ ቆሞ ሲተኩስ ወገቡን ስላመመው ሐኪም ዘንድ ሄደና «ክብደት ቀንስ፣ ጀርባህን የሚሸከምልህ ጡንቻም አብጅ» ተባለ። እሱም ሰው የነገሩትን የሚሰማ ዓይነት ፍጡር ስለሆነ ከአውቶቡስ ጋራዡ ጀርባ ያለ ጂም ተመዘገበ። እኔ የተዋረድኩ ሳምንት ነው እሱ የተመዘገበው። አጋጣሚው ራሱ ሆን ብሎ ያደረገው መሰለኝ።

እራት ላይ ትምህርት ጀመረ።

«ጋሼ፣ የካውያውን ውሃ ታውቀው የለ? በእንፋሎት ከሚወጣው ያነሰ ከጨመርክበት ቀስ እያለ ይጎድላል። ሰውነትም እንደዚያ ነው። ከምታቃጥለው ትንሽ ያነሰ ትበላለህ። ግን ምግብ ብቻ ከቀነስክ ስቡም ጡንቻውም ተያይዘው ይሄዳሉ። ብረት ካነሳህና እንቁላሉን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን ከበላህ ሰውነትህ ‹ይሄ ጡንቻማ ሥራ አለው፣ አይነካ› ብሎ ስቡን ነው የሚያቃጥለው።»

«ሰውነት ይናገራል እንዴ?»

«ያንተማ ይናገራል» አለች ሚስቴ። «ሲያንኮራፋ ጎረቤት ይመልስለታል።»

«ማነው እንዲህ ያስተማረህ?» አልኩት።

«አሰልጣኟ። በሳምንት ግማሽ ኪሎ በቂ ነው ትላለች። ቶሎ የሄደ ቶሎ ይመለሳል። ብረቱንም በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ነው የምትጨምረው። ጡንቻ ደግሞ የሚያድገው ስታነሳ አይደለም፤ ስትተኛ ነው።»

«እንዲያ ከሆነ የኔ ጡንቻ የት ሄደ?» አልኩ። ሚስቴ ሳቀች፤ እጇ ግን ሁለተኛውን እንቁላል ከኔ ሳህን አንሥቶ ወደሱ ሳህን አሻገረ። ያን እንቁላል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ቅርጹን ሳይቀር አስታውሰዋለሁ።

ግማሽ ኪሎ በሳምንት! እኔ ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ቢቆምም ሂሳብ አውቃለሁ፤ በዚያ ፍጥነት ሳጥኑ እስኪደርሰኝ ብል ይበላዋል። የራሴን ሳይንስ አወጣሁ። ምሳና እራት ሰረዝኩ። ጨርቅ የሚጠቀለልበትን ላስቲክ ሆዴ ላይ ሦስት ዙር ጠመጠምኩና ካውያ ክፍል በእንፋሎት መሐል ተቀመጥኩ። ላቤ በበሩ ሥር አልፎ እስከ መንገድ ወረደ፤ ሰዎች ቧንቧ ፈነዳ ብለው ተጣሩ። በአሥረኛው ቀን ስድስት ኪሎ ቀንሼ የገበያውን ሚዛን ሳምኩት።

በአሥራ አንደኛው ቀን ቁልፍ ስተክል ዓይኔ ጨልሞ የራሴን እጅጌ ከሰው ኮሌታ ጋር ሰፋሁት። ኮሌታውን እጅጌዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ሚስቴ መጥታ ወሰደችኝ። ሾርባ ጠጣሁ፣ ዳቦ በላሁ፣ ውሃ ጠጣሁ። በአራት ቀን አምስቱ ኪሎ ዘመድ ይዞ ተመለሰ።

«ውሃ ነው የቀነስከው ጋሼ» አለኝ ካውያው፣ በዚያ በሚያናድድ ርኅራኄው። «እኔማ ሚዛን ላይ እንዳልወጣ ተከልክያለሁ። አሰልጣኟ ‹ሚዛን ውሃውንም፣ ምግቡንም፣ ጡንቻውንም አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው፤ ጠዋትና ማታ እንኳ አይስማማም። ሦስት ወር እስኪሞላ ሚዛንም ሜትርም አትንካ። ሱሪህን እመን› ነው ያለችኝ።»

«ሱሪህን?»

«ሱሪ ከላላ ስቡ እየሄደ ነው። ሱሪ አይዋሽም ትላለች።»

አሰልጣኟ ብረት ታውቅ ይሆናል። ልብስ ሰፊ ግን አታውቅም።

እውነቱን ለመናገር ያኔ ምንም አላሰብኩም። ያሰብኩት በሦስተኛው ሳምንት ነው። እትዬ ካውያ ክፍል ገብተው ሲያዩት ቆይተው፣ ጥሩ ጨርቅ ሲያገኙ እንደሚያደርጉት በሁለት ጣታቸው ክንዱን ቆንጠጥ አደረጉት። «አንተ ልጅ፣ ቅርጽ እያወጣህ ነው። በርታ» አሉ። እኔን እንዲህ የቆነጠጡኝ የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ነበር! አንጀቴ ቅጥል አለ። ያ የትራስ ዘር፣ ያስገባሁት፣ ቤቴ የሚተኛ፣ እንቁላሌን የበላ፣ አሁን ደግሞ ሳጥኔን?

ካውያው ሥራ ሲያልቅ በላስቲክ የሚታሰር ቱታ ለብሶ ወደ ጂም ይሄዳል። የሥራ ሱሪው ምስማር ላይ ተሰቅሎ ያድራል። ሄጄ አየሁት። ቀን ላይ ሲራመድ ወገቡ ላይ ሁለት ጣት ሲገባ አይቻለሁ፤ የላላውን ዓይኔ ለክቶታል። የኋላውን ስፌት ተረተርኩ፣ አንድ ሴንቲሜትር አስገባሁ፣ መልሼ ሰፋሁ፣ የድሮውን የመርፌ ቀዳዳ በጥፍሬ አሽቼ ደፈንኩ። አሥር ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቤት ደርሼም የክት ሱሪውንና ካኪውን እንደዚያው አደረግሁ። ያሉት ሱሪዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም በእጄ ሥር።

በማግሥቱ ሱሪውን ሲታጠቅ በበር ቀዳዳ አየሁት። ጣቱን ሰደደ። አልገባለትም። ግንባሩ ተቋጠረ። የዚያን ቀን ቁልፍ ስተክል እየዘፈንኩ ነበር።

ግን ምን ሆነ መሰላችሁ? በሳምንቱ ሱሪው እንደገና ላላ። እንደገና አስገባሁ። በሳምንቱ ደግሞ ላላ። ሰውየው እየሟሟ እኔ እየተከተልኩ፣ እሱ በብረት እኔ በመርፌ፣ እንደ ሌባና ፖሊስ ተያይዘን ከነፍን። ያለ ደመወዝ የግል ሰፊው ሆንኩ። ሱሪው ሁልጊዜ ልኩ ስለነበረ እሱ አንዲት ጸጉር የቀነሰ አልመሰለውም። ሸሚዙ ደግሞ ትከሻውና ክንዱ ላይ ጠበበ፤ ያንን እኔ አልነካሁትም፣ ብረቱ ነው። እሱ ግን «ከላይ እየወፈርኩ ነው ጋሼ» ብሎ ተጨነቀ።

«ሊሆን ይችላል» እለዋለሁ። «ስብ ወደ ላይ ይወጣል፤ ወተት ላይ አላየህም?»

ሚስቴ «ኧረ ከስተሃል! ጉንጭህን እየው!» ስትለው «የሐሳብ ነው» እላለሁ። «ሐሳብ ከፊት ነው የሚጀምረው።»

እሱም አያምናትም። «አንቺማ እህቴ ነሽ፣ ምን ትይ? ሱሪው ግን ይኸው» ይላል። ስፌት ቤት ሜትር እንደ ዝንብ ነው፤ እጅህን ባነሣህበት ይገኛል። እሱ ግን ቃሉን ጠብቆ አልነካም። እኔ ብሆን በመጀመሪያው ቀን ነበር የምለካው። በዚህም ቀናሁ፤ ሰው በሰው ታዛዥነት ይቀናል ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

ትልቁ ሥቃዬ ሌላ ነበር። የሱን ወገብ ትክክለኛ ልክ በዓለም ላይ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እኔ። ሚስቴ ትገምታለች፣ እትዬ ይጠረጥራሉ፣ ባለቤቱ ራሱ አያውቅም። እኔ ግን በየሳምንቱ ድሉን በጣቴ እዳስሰዋለሁ። ዘጠና ሦስት፣ ዘጠና ሁለት፣ ዘጠና አንድ... መርፌዋ በወጣች በገባች ቁጥር የምትወጋው እኔን ነበር። የኔ ቦርጭ እንደሆነ ከመቶ አልወረደም። በመጨረሻ የሱሪው የኋላ ኪሶች ተቀራርበው ሊሳሳሙ ደረሱ። ከግራም ከቀኝም ጎን ወስጄ በመከራ አራራቅኋቸው።

አሥራ ሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ ካውያው የጂም ቦርሳውን ይዞ ገባና ወለሉ ላይ ጣለው።

«ተውኩት» አለ።

«ምኑን?» አለች ሚስቴ።

«ሁሉንም። ቁጭ ብድግ በሃያ ኪሎ ጀምሬ ሰባ ደርሻለሁ። ወገቤን ማመሙም ቀርቷል። ግን ሱሪዬን ተመልከቱ። ሦስት ወር ሙሉ እየቆጠርኩ በልቼ፣ ባፍንጫዬ እስኪወጣ እንቁላል ውጬ፣ ያው ነኝ። ዘራችን ወፍራም ነው። አባታችንም እንዲህ ነበር። አበቃ።»

ሚስቴ ዓይኗ እንባ ሞላ። እኔ ሆዴ ውስጥ ከበሮ ተመታ። ዳቦ አቀበልኩት። «ብላ ወንድሜ» አልኩት፣ «ሰው ከተፈጥሮው አይጣላም።» እሱም ቁርሱን እንደተከለከለ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሦስት ቁራሽ በላ። ሚስቴ ጀርባውን እያሻሸች፣ ደህናውን ወንበር ሰጥታው፣ ትራስ ደግፋው፣ «አይዞህ የኔ ጌታ» ስትለው ደግሞ ከበሮው ቆመብኝ። እኔ ስድስት ኪሎ ቀንሼ ስወድቅ ማን ትራስ ደገፈኝ? በኀዘኑም ቀናሁበት።

ሰኞ የልኬታው ቀን ደረሰ። ሠራተኛው ሁሉ ሳጥኑን ከቦ ቆመ። እኔ ከሸሚዜ ሥር ሰፊ የላስቲክ ቀበቶ ታጥቄ ስለነበር ትንፋሼ የሚወጣው በጆሮዬ ነው።

አባ መቀስ ለኩኝ። «ዘጠና አራት» አሉ። ወዲያው ቀበቶው ጧ ብሎ ተበጠሰና «መቶ» አሉ።

«ውረድ» አሉ እትዬ። ዓይናቸው ዞሮ ዞሮ ካውያ ክፍል በር ላይ አረፈ። «አንተ፣ ና ውጣ።»

«እኔ?» አለ ካውያው። «እትዬ፣ እኔ አልሆንም። ዘጠና ሦስት ነኝ፤ ሱሪዬ ምስክሬ ነው።»

«ውጣ ነው ያልኩህ።»

ወጣ። ሳጥኑ ድምፅ አላሰማም፤ ከዳተኛ! አባ መቀስ ጠመጠሙ፣ ተመለከቱ፣ ፈትተው እንደገና ጠመጠሙ።

«ሰማንያ አራት።»

«ሜትሩ ተሳስቷል አባ» አለ ካውያው፣ ከልቡ።

ሌላ ሜትር አመጡ። ሰማንያ አራት። የዘምዛሚዋን ሜትር አመጡ። ሰማንያ አራት። አባ መቀስ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉት።

«ይሄን ሱሪ የሰጠሁህ እኔው ነኝ፤ ዘጠና ሦስት ነበር። እስቲ ዙር። እነዚህ ኪሶች ምን የሚያንሾካሹኩት ምሥጢር ኖሯቸው ነው እንዲህ የተጠጋጉት?»

ወገቡን ገልብጠው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። እግሬ ወደ በሩ ሊሄድ ፈልጎ ነበር፤ የሄደ ደግሞ መታወቁ ነው ብዬ ከለከልኩት።

«ጉድ በሉ» አሉ አባ መቀስ ቀስ ብለው። «ተተርትሮ ተሰፍቷል። ያውም ዘጠኝ ጊዜ። የዘጠኙም የመርፌ ዱካ ከውስጥ ይታያል፣ ከውጭ ግን ምልክት የለም። እህሉን እንኳ ሳይዘል፣ መስመሩ እንደ ውሃ ልክ!» እህል የሚሉት የጨርቁን የክር አቅጣጫ ነው። «ሃምሳ ዓመት ቆርጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ማስተካከያ አላየሁም። ይሄን የሰፋ እጅ ይባረክ።»

ደረቴ ሳላዘው ተነፋ። አሥራ አንድ ዓመት ወገቤ ነው የተወራለት፤ ስለ እጄ ማንም ተናግሮ አያውቅም።

«በዚህ ቤት ይሄን የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው» አሉ አባ መቀስ።

አንገቴን ቀና አደረግሁ። ይናገሩት ብዬ ጠበቅኩ።

«ዘምዛሚዋ ናት።»

ሁሉም ወደሷ ዞረ። «ኧረ እኔ አይደለሁም» አለች። አነጋገሯ ግን ምርቃት ሲበዛበት «ተዉ እንጂ» እንደሚል ሰው ነበር፤ ጉንጯ ቀላ፣ ሻሿን አስተካከለች።

«ለምን እንዳደረግሽው በኋላ ትነግሪናለሽ» አሉ እትዬ። «እጅሽ ግን ወርቅ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የናሙና ስፌት ያንቺ...»

«እኔ ነኝ!» አልኩ።

ማን እንደተናገረ ለማየት እኔም ዞር ብዬ ነበር።

«ምን አልክ?»

«እኔ ነኝ የሰፋሁት! እሷ እንዲህ ትሰፋለች? እሷ ጫፍ ላይ አንዴ ነው የምትመልሰው፤ ይኸው ሁለቴ ተመልሷል፣ እዩት! ዘጠኙንም እኔ ነኝ! የክት ሱሪውንም! ካኪውንም! ካኪውን ደግሞ ብታዩት...»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የቆጡንም የብብቴንም ጥዬ ከላያቸው ላይ ወደቅኩ። ከካውያ ክፍል የእንፋሎቱ ሹክሹክታ ብቻ ይሰማል።

ካውያው ሳጥኑ ላይ እንደቆመ «ጋሼ» አለ። «ዘጠኝ ነው ያልከው?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ጊዜ ወይስ ዘጠኝ ሴንቲሜትር?»

«ሁለቱም።»

«በየሳምንቱ?»

«ጉንፋን ይዞህ የተኛህ ሳምንት አልነበረም።»

«ከዚያ በኋላስ?»

«ከዚያ በኋላ አንድ ተኩል። አላመንኩም፤ ሁለቴ ነው የለካሁት።»

«አንድ ተኩል!» አለ። ፊቱ በራ። «ያኔ ቁጭ ብድጉን ሃምሳ ያደረስኩ ሳምንት ነው! ቀጥሎስ?»

«ግማሽ።»

«አዎ፣ ሠርግ ነበረብኝ። ቀጥሎስ?»

ሰዉ ሁሉ ቆሞ እየሰማ፣ የፈተና ውጤቱ እንደሚነበብለት ተማሪ እየጠየቀ፣ እኔም ያለ ወረቀት በቃሌ እየመለስኩ፣ ዘጠኙንም ቆጠርንለት። እያንዳንዷን ስናገር አንጀቴ ይላጣል፤ እያንዳንዷን ሲሰማ እሱ ይስቃል። ሲጨርስ ወገቡን በሁለት እጁ ያዘ፤ የራሱ መሆኑን ገና ያወቀ ይመስል። ዘምዛሚዋ እንኳ አጨበጨበች።

ከዚያ ሳቁ ቆመ። አየኝ።

«ሐሙስ ዕለት ስተወው አጠገቤ ተቀምጠህ ነበር።»

«አዎ።»

«ታውቅ ነበር።»

«አዎ።»

«ዳቦ አቀበልከኝ።»

ምን ይባላል? ብመታ ይሻለኝ ነበር፤ እሱ ግን ዓይኑን ከኔ ላይ አንሥቶ ወደ እትዬ ዞረ።

«እትዬ፣ ለዚህ ትዕዛዝ እቆማለሁ። ግን ሥልጠናዬን ነገ እመለስበታለሁ፤ ከዚህ በኋላ ጭኔ ይጨምራል፣ ልኬም ይቀያየራል። ለቋሚነት አልሆንም።»

«ለዚህ ይበቃኛል» አሉ እትዬ። ከዚያ ወደኔ ጠቆሙ። «አንተ ደግሞ ተንበርከክና ለአባ መቀስ ስፒል አቀብል።»

ተንበረከኩ። ሦስት ሰዓት ሙሉ የስፒል ሣጥን በመዳፌ ይዤ፣ በሳጥኔ ሥር፣ የሚስቴን ወንድም ተረከዝ እያየሁ ቆየሁ። አባ መቀስ ዙሪያውን እየዞሩ «እህ! እህ!» ይላሉ፤ ለኔ እንዲህ ብለው አያውቁም። አንድ ጊዜ ስፒሏን ትንሽ ጠልቃ እንድትገባ ልገፋት አሰብኩ። ጭኑን ባየው ጊዜ ግን ስፒሏ የምትታጠፍ መሰለኝና ተውኩት።

ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። ሚስቴ አራት ቀን አላናገረችኝም። ማለት ታናግረኛለች፤ በወንድሟ በኩል። «ለዚያ ሰውዬ ንገርልኝ፣ ጨው ያቀብለኝ» ትላለች፤ ጨው በእጄ ሥር፣ እሷ በፊቴ። በአምስተኛው ቀን ግን ቀጥታ ዞራ ጠየቀችኝ።

«ለመሆኑ ምን አደረገህ?»

«ምንም» አልኩ። «ምንም አላደረገኝም። ይሄ ነው የሚያቃጥለኝ።»

ረጅም ጊዜ አየችኝና «ጨው አቀብለኝ» አለች።

ካውያው ደግሞ ካሣ ጠየቀ። ሦስቱንም ሱሪ እንዳድስለት አስቤ ነበር። እሱ የፈለገው ሌላ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬው ጂም እንድሄድ። «አዝኜልህ አይደለም ጋሼ» አለኝ፣ «እምነት አጥቼ ነው። እኔ ብረት ሳነሳ አንተ ከሱሪዎቼ ጋር ብቻህን እንድትቀር አልፈልግም።»

ሄድኩ። አሰልጣኟን ያኔ አየኋት፤ አጭር፣ ሽበታም፣ አንገቷ ከትከሻዋ ጋር በብሎን የታሰረ የሚመስል ሴት። ከላይ እስከ ታች ቃኘችኝ።

«የሱሪ ወገብ የምታጠብበው አንተ ነህ?»

«ነበርኩ።»

«ምን ፈልገህ መጣህ?»

«እሱን ለመብለጥ።»

«በስንት ጊዜ?»

«በአሥራ አምስት ቀን።»

አልሳቀችም። ጥግ ሄዳ የመጥረጊያ እጀታ የመሰለ ቀላል እንጨት አምጥታ ትከሻዬ ላይ አስቀመጠችልኝ። «መቀመጫህን ወደ ኋላ፣ ደረትህን ቀና። አሥር ጊዜ። ሳትቸኩል።» በሦስተኛው ጉልበቴ እንደ አሮጌ መስኮት ተንቋቋ። በሰባተኛው ጭኔ ውስጥ ንብ ገባ። ከክፍሉ ማዶ ካውያው ሰባ ኪሎ ጭኖ እንደ ጆንያ ጥጥ ይወርዳል ይወጣል፤ እኔ እሱን ለማየት አንገቴን ስጠመዝዝ አጠገቤ አንዲት አሮጊት መኖራቸውን አስተዋልኩ። ነጠላ ጫማቸውን አውልቀው ጥግ አስቀምጠዋል። ዕድሜያቸው ሰባን ሳያልፍ አይቀርም። ብረት ከመሬት አንሥተው ቀጥ አሉ፣ ትንፋሽ ወሰዱ፣ መልሰው ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እናቴ፣ ስንት ነው ያነሱት?»

«አርባ» አሉ። «አጥንትሽ እንዳይሳሳ ብላ ያመጣችኝ ልጄ ናት። ስጀምር ወንበር ይዤ ነበር የምነሣው።» ወደ ትከሻዬ አዩ። «ያንተስ ስንት ነው?»

«እንጨት ነው።»

«አይዞህ» አሉና ቀጥሎ ሁለት ትንንሽ ክብ ብረት ከመደርደሪያው አንሥተው ከግራና ከቀኝ ብረታቸው ላይ ጨመሩ። «ዛሬ አርባ ሁለት ተኩል እሞክራለሁ።»

ሞከሩ። ወጣላቸው። ክፍሉ በሙሉ አጨበጨበላቸው፤ አሰልጣኟ ትከሻቸውን መታ መታ አደረገች፣ ካውያው ብረቱን ጥሎ መጥቶ እጃቸውን ሳመ። እኔን ያየኝ ሰው አልነበረም።

ሁለት ተኩል ኪሎ ነው የጨመሩት። ዓይኔ እያየ። በሰባ ዓመታቸው።

«ጋሼ፣ ሦስት ቀርቶሃል» አለኝ ካውያው ከሩቅ። እሱን መብለጥ ትቼዋለሁ። ዓይኔን አሮጊቷ ላይ እንደተከልኩ እንጨቱን ትከሻዬ ላይ አስተካከልኩና ዝቅ አልኩ።